ባለመስታወቱ ኬዝ፦ የት ይቆጠባል፣ የት አይቆጠብም

ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚንቦገቦግ የጌም ኮምፒውተር በቲክቶክም ሆነ በቴሌግራም የመሸጫ ቻናሎች ላይ ያላየ ወጣት ጥቂት ነው። ቀድሞ የሀብታም ዕቃ ነበር፤ አሁን ርካሽ ዓይነቱ ገበያውን ሞልቶታል። ፕሌይስቴሽን ቤት በሰዓት እየከፈለ ኳስ ሲጫወት ያደገ የሐረር ልጅ የራሱን ኮምፒውተር ሊገጣጥም ሲነሣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ኬዙ ላይ ነው። ይህ ማብራሪያ ለእሱና ገንዘቡን ለሚያወጡት ወላጆቹ የተጻፈ ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ኬዝ ጌሙን ቅንጣት ታህል አያፈጥነውም። ሊያዘገየው ግን ይችላል።

ኬዝ ከቆርቆሮ የተሠራ ሣጥን ነው። ማዘርቦርዱን ይሸከማል፣ ፋኖቹን ይይዛል፣ አየር ያስገባል፣ ያስወጣል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ልክ ኢንቴል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን ደረጃ ካወጣ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው መልኩ ነው። መጀመሪያ ጎኑ ላይ የፕላስቲክ መስኮት ተከፈተለት፤ ቀጥሎ ጎኑ በሙሉ በሙቀት የጠነከረ መስታወት ሆነ። ሊያን ሊ የተባለው የታይዋን ኩባንያ በዚሁ አቆጣጠር በ2018 ፊቱም ጎኑም መስታወት የሆነውን ኦ11 ዳይናሚክን ካወጣ በኋላ ደግሞ የዓሣ ገንዳ የሚመስሉ ኬዞች ፋሽን ሆኑ። ሌሎች ፋብሪካዎች በርካሽ እያስመሰሉ ያመርቱት ጀመር፤ እኛ ዘንድ በብዛት የሚደርሰውም ማስመሰያው ነው። ማስመሰያ መሆኑ ነውር የለበትም። መጠየቅ ያለበት ዋጋው የወረደው ከምን ላይ ተቀንሶ እንደሆነ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚቀነሰው ከአራት ነገር ላይ ነው። አንደኛ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ክዳኑን በሁለት ጣት ሲጫኑት ይታጠፋል፣ ፋኑ ሲሽከረከርም ይንቀጠቀጣል። ይህን መታገሥ ይቻላል። ሁለተኛ የአቧራ ማጣሪያው ይቀራል ወይም በማግኔት የምትለጠፍ ስስ ወንፊት ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ ፋኖቹ ፍጥነታቸው ከማዘርቦርዱ የማይታዘዝ፣ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ኃይል እየወሰዱ ቀንም ሌትም በአንድ ፍጥነት የሚጮኹ ይሆናሉ። አራተኛው የከፋ ነው፦ «ፓወሩ አብሮት ነው» ተብሎ የሚሸጥ ኬዝ አለ። ወደ እሱ በኋላ በሰፊው እመለሳለሁ፤ ገንዘብም ቤትም የሚያቃጥለው እሱ ነውና።

መጀመሪያ ግን አየሩ። ሱቅ ውስጥ ኬዙን ከፊት ለፊት ይዩት። ፊቱ ድፍን መስታወት ከሆነና አየር የሚገባበት ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ከሆነ ወደ መደርደሪያው ይመልሱት። ጀጎል አምስቱ በሮቹ ቢዘጉበት ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን ያስቡ፤ ግራፊክስ ካርድ የሚሆነውም እንደዚያ ነው። የራሱን ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ይስባል፤ ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጫዋቹ ጌሙ «ቆረጠ» ይላል፤ ካርዱ ደካማ መስሎት ሌላ ሊገዛ ያስባል። ሊገዛ የሚገባው ጎኑ መስታወት፣ ፊቱ ግን ወንፊት የሆነ ኬዝ ነው። ውበቱ አይቀርበትም፤ ሰው የሚያየው ጎኑን ነው። ከፊት ሁለት ፋን አየር የሚያስገቡ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ ከሆኑ ለመካከለኛ ማሽን ይበቃሉ። ስድስት ሰባት ፋን መደርደር ለመብራቱ እንጂ ለቅዝቃዜው የሚጨምረው ጥቂት ነው።

የዓሣ ገንዳው ዓይነት ግን ፊቱ ድፍን መስታወት ሆኖም ሊሠራ ይችላል፤ አየሩን ከታችና ከጎን ስለሚስብ። ችግሩ ለዚያ የሚሆኑትን ፋኖች ርካሹ ኬዝ አብሮ አለመስጠቱ ነው። ለብቻ ሲገዙ ደግሞ ርካሽነቱ ይጠፋል። ከታች የሚስብ ኬዝ መሬት ላይ ከተቀመጠ የወለሉን አቧራ ጠራርጎ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ በቀር አልመክረውም።

በዚህ ነገር ሐረርና ድሬዳዋ አንድ አይደሉም። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐኪም ጋራ ግርጌና ሽቅብ ያሉት ቤቶች ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋን የሚገፋው የአየሩን ይዘት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። በዩቲዩብ የሚታዩት የሙቀት ልኬቶች ባሕር አጠገብ ባሉ ከተሞች የተወሰዱ ከሆኑ እኛ ዘንድ እንዳሉ አይደገሙም። ይህ መጥፎው ወሬ ነው። ጥሩው ወሬ የሐረር ክፍል ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። በቀትር እንኳ ከድሬዳዋ ጋር አይወዳደርም፤ ማታማ ጋቢ ያስደርባል። የክፍሉ ሙቀት በአሥር ዲግሪ ሲያንስ የካርዱም በዚያው ልክ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ከፍታው የወሰደውን ቅዝቃዜው ከነትርፉ ይመልሰዋል። ሐረር ላይ ባለመስታወት ኬዝ ይቅር የሚባልለት ኃጢአት ድሬዳዋ ላይ ይቅር አይባልም። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ፣ በግንቦትና በሰኔ ክፍሉ ራሱ ሠላሳ ምናምን ዲግሪ ሆኖ ሲያድር፣ ድፍን ፊት ያለው ኬዝ እዚያ አይገባም።

አቧራውን ግን ከፍታም ቅዝቃዜም አይመልሰውም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት፣ በተለይ አስፋልትም ድንጋይም ባልደረሰባቸው ሰፈሮች፣ አቧራው መስኮት ተዘግቶም ይገባል። ኬዝ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ የሚለብሰው የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ክንፎች ነው። ማጣሪያ የሌለው ኬዝ ከገዙ ቀላሉ መፍትሔ ስስ የመጋረጃ ሻሽ ወይም የወባ አጎበር ቁራጭ በፊቱ ወንፊት ላይ በፕላስተር መለጠፍ ነው። አያምርም፤ ይሠራል። በየወሩ አውጥቶ ማራገፍ ግን ይጠይቃል። ውስጡን ለማጽዳት ኮምፒውተሩን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም። የጎማው ኮምፕሬሰር ጋን ውስጥ ውሃና ዘይት ይጠራቀማል፤ ከአየሩ ጋር ተረጭቶ ይወጣል። ፋኑንም ከልኩ በላይ ያሽከረክረዋል፤ ያኔ ፋኑ እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ማዘርቦርዱ ሊልክ ይችላል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና የእጅ መንፊያ ይበቃል። ብሩሽ ሲያስኬዱ ፋኑን በጣትዎ ይዘው ያቁሙት።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። በእኔ ዳኝነት የጌም ኮምፒውተር በኢትዮጵያ የሚሞተው ከሁሉ ይልቅ በፓወር ሰፕላይ ነው። የግድግዳው 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ተለውጦ ለማሽኑ የሚደርሰው በዚህ ሣጥን በኩል ነው። ከርካሽ ኬዝ ጋር ተመርቆ የሚሰጠው ሣጥን ላይ «500 ዋት» ተብሎ ይጻፋል፤ ውስጡ ግን የዚህን ግማሽ እንኳ ሳይንገዳገድ የማይሰጥ ሊሆን ይችላል። በእጅዎ ሲያነሡት ባዶ ቆርቆሮ የመሰለ፣ ገመዶቹ ቀጫጭን የሆኑ፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ስድስት ወይም ስምንት ቀዳዳ ያለው ሶኬት የሌለው ከሆነ ለጌም አልተሠራም። ሲቃጠል ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ማዘርቦርዱን ወይም ካርዱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ኬዙን ያለ ፓወር ይግዙት፤ ፓወሩን ለብቻ፣ «80 ፕላስ» የሚል ማረጋገጫ ካላቸው ታዋቂ ስሞች መካከል ይምረጡ። ማረጋገጫው የሚናገረው ስለ ቁጠባው እንጂ ስለ ጥንካሬው አይደለም፤ ቢሆንም ብራንዱ ከታወቀ ጋር ሲደመር ቆሻሻውን ለመለየት ይረዳል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣ የላከው አሮጌ ፓወር ካለዎት ጀርባውን ይመልከቱ። 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ካለበት በ115 ላይ ሆኖ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሳይገለብጡት እዚህ ሶኬት ላይ ከሰኩት በአንድ ጩኸት ያልቃል። ብዙዎቹ አዳዲሶች ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሳቸው ይቀበላሉ፤ ይህ መቀያየሪያም የላቸውም።

የዚህ ዓይነቱ ሰፊ መቀበያ ሌላም ጥቅም አለው። የጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲለኮስ መስመሩ ይዳከማል፤ አንድ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባልና። ጥሩ ፓወር ቮልቱ 180 ቢደርስ ግድ አይሰጠውም፤ ለዚህ ሲባል የፍሪጅ ስታብላይዘር መጨመር አያስፈልግም። የሚፈራው መብራቱ ሄዶ ሲመለስ አብሮት የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ከግድግዳው የመንቀል ልማድ አባቶቻችን ለቴሌቪዥን ያወጡት ብልሃት ነው፤ ዛሬም ከእሱ የሚሻል ነፃ መድኃኒት የለም። አቅም ካለ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ይጨመር። ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቪኤ ዋት አይደለም፤ 1,000 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ 600 ዋት ገደማ ብቻ ይሸከማል። ሥራውም ጨዋታውን መጨረስ ሳይሆን ጨዋታውን አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ማጥፋት ነው። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ኬዙን ሲነኩት የሚነዝርዎ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን ይወቁ። ፓወሩ ውስጥ የመስመሩን ጫጫታ ወደ መሬት የሚሸኙ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። የቤቱ ሶኬት የመሬት ሽቦ ከሌለው ግን የሚሸኙበት የለም፤ የኬዙ ቆርቆሮ የመስመሩን ግማሽ ማለትም 110 ቮልት ያህል ይይዛል። ጅረቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከመንዘር አልፎ ብዙ ጊዜ ሰው አይጎዳም፤ ኮምፒውተሩ ሳይነቀል ኤችዲኤምአይ ኬብል ቴሌቪዥን ላይ ሲሰኩ ግን የአንዱን ወይም የሌላውን መሰኪያ ሊያቃጥል ይችላል። መፍትሔው ባለሙያ ጠርቶ ግቢ ውስጥ የመሬት ዘንግ ማስቀበርና ሽቦውን እስከ ሶኬቱ ማምጣት ነው። አንዳንድ ሠራተኛ ለማቃለል የመሬቱን ፒን ከኑትራሉ ጋር ሶኬቱ ላይ ያስረዋል። ይህን ፈጽሞ አይፍቀዱ። ኑትራሉ አንድ ቀን ከተበጠሰ ኬዙ ሙሉ 220 ቮልት ይዞ ይቆማል፤ ያ መንዘር ሳይሆን መግደል ነው።

ወደ ውስጡ ዕቃ ስንመጣ ዋጋ በብር አልጽፍም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ አይገኝም። የማይለወጠው ድርሻው ነው። ካለዎት ገንዘብ ወደ አርባ በመቶው ለግራፊክስ ካርድ ይሂድ። ኬዝ ከአሥር በመቶ አይለፍ። ለፓወር ከኬዙ የሚበልጥ ይመደብ። የቀረው ለፕሮሰሰር፣ ለማዘርቦርድ፣ ለራምና ለኤስኤስዲ ይከፋፈል። ይህ የእኔ ሚዛን ነው፤ ሌላ ሰው ትንሽ ወዲያ ወዲህ ሊያደርገው ይችላል። ኬዝ ላይ ሩቡን የሚያወጣ ግን የሚገዛው ኮምፒውተር ሳይሆን መብራት ነው።

ለጀማሪ ባለ ኤኤም 4 መሰኪያ ማዘርቦርድና ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ወይም የኢንቴል ኮር አይ 3 12100ኤፍ፣ 16 ጊጋባይት ራምና 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ በቂ መሠረት ነው። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች 65 ዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ስለሚበሉ ትልቅ ማቀዝቀዣ አይጠይቁም። ሁለቱም ግን በውስጣቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ያለ ካርድ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ካርድ ሲመርጡ የዋቱን ቁጥር ይዩ፦ ጂቲኤክስ 1650 በ75 ዋት ይሠራል፤ ኃይሉን ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ የሚወስድ ዓይነት አለው። አርቲኤክስ 4060 115 ዋት ይበላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የወጣው አርኤክስ 580 ግን 185 ዋት ይበላል፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ነው። አርኤክስ 580 ርካሽ ሆኖ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት በውጭ አገር በክሪፕቶ ማዕድን ለወራት ያለ ዕረፍት የሠራ ብዙ ካርድ ወደ ገበያ መመለሱ ነው። ዩዝድ ካርድ ሲገዙ ሻጩ ፊት ጌም ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ይሥራ። «ቤት ሄደህ ሞክረው» ከተባሉ ይተዉት።

አንድ ወጥመድ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነውና። ከዱባይ የሚመጡት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ርካሽና ጠንካራ ናቸው። «አንዱን ገዝቼ አንጀቱን አውጥቼ ባለመስታወት ኬዝ ውስጥ እከተዋለሁ» ማለት ብልሃት ይመስላል። ነገር ግን እንደ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ያሉት ማዘርቦርዶች ዋናው የኃይል ሶኬታቸው እንደ ወትሮው ባለ 24 ሳይሆን ባለ 8 ፒን ነው፤ የማብሪያው ቁልፍ ገመድም የፋብሪካው የራሱ ነው። የተለመደውን ፓወር ለመሰካት መቀየሪያ ኬብል መፈለግ፣ የቁልፉን ፒን በቴስተር መለየት ይጠይቃል። ለሚችል ይቻላል። ለማይችል ግን ሁለት የማይገናኙ ዕቃዎች ገዝቶ መቀመጥ ነው። ገንዘቡ በዚህ ደረጃ ላይ ከሆነ ምክሬ መስታወቱን ለጊዜው መርሳት ነው፦ የቢሮውን ማሽን በራሱ ኬዝ ይተዉት፣ ጂቲኤክስ 1650 ይጨምሩበት። ጂቲኤ 5ንም ኳሱንም ያጫውታል። ትንሿን ቀጭን ዓይነት ሳይሆን ቁመተ ረጅሙን ማሽን መግዛትዎን ግን ያረጋግጡ፤ ቀጭኗ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አትቀበልም።

ዕቃው ሁሉ ሐረር ላይ ተሟልቶ አይገኝም። ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን ከሚባለው ገበያ አንዱ ይገኛል፤ ሌላው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ቁጥር በወረቀት ይያዙ፦ ኬዙ የሚቀበለው የካርድ ርዝመትና የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ቁመት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ርካሽ ኬዞች ብዙዎቹ ለማይክሮ ኤቲኤክስ ቦርድ፣ ማለትም 244 በ244 ሚሊ ሜትር ለሆነው፣ የተሠሩ ናቸው፤ ሦስት ፋን ያለው ረጅም ካርድ ፊት ለፊት ካለው ፋን ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዋሽ በኋላ በጭሮና በቁሉቢ በኩል ያለው ተራራ መንገድ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው። የተገጣጠመ ኮምፒውተር በአውቶቡስ ጣሪያ ወይም በጭነት መኪና አይላክ። ከባዱ ካርድ በየኩርባው እየተወዛወዘ የማዘርቦርዱን መሰኪያ ይሰብራል። ካርዱ ይነቀል፣ በራሱ ካርቶን ይምጣ። መስታወቱም ይፈታ፣ በብርድ ልብስ ይጠቅለል፣ በቁም እንጂ በጠፍጣፋ አይጫን። ቤትዎ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ከፈረስ መጋላ ወዲያ ያለውን ጠባብ መንገድ በእጅ ተሸክመው ነው የሚገቡት፤ ያኔ የተለያዩ ትናንሽ ካርቶኖች ከአንድ ትልቅ ሣጥን ይሻላሉ።

በሙቀት የጠነከረ መስታወት ገጹ ጠንካራ ነው፤ ጠርዙ ግን ደካማ ነው። በጡጫ ቢመቱት ላይሰበር ይችላል፤ ጥጉን ሴራሚክ ወለል ላይ በቀስታ ሲያስቀምጡት ግን በሺህ ቁራጭ ይበተናል። ሴራሚክ ከመስታወት ይጠነክራልና። ቁራጮቹ እንደ ተራ መስኮት ሰይፍ አይሆኑም፤ ደቃቅ ጠጠር ይሆናሉ። ስለዚህ መገጣጠሙን ሲጀምሩ መጀመሪያ መስታወቱን ፈትተው ፍራሽ ላይ ያስተኙት፤ መጨረሻ ላይ ይመልሱት። ብሎኑን በጣት ይጥበቁት፤ በካቻቢቴ አጥብቆ መጭመቅ አንዱ የመሰበሪያ ምክንያት ነው።

የሐረሪ ቤት ነደባ፣ ማለትም መደቡ፣ ምንጣፍ የለበሰ፣ ሰፊና ምቹ ስለሆነ ዕቃውን ዘርግቶ ለመሥራት ይጋብዛል። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። በደረቅ ወራት ሰው ምንጣፍ ላይ ሲንፏቀቅ ሰውነቱ ሳይታወቀው ብዙ ሺህ ቮልት ያጠራቅማል፤ ራሱ የማይሰማው ብልጭታ ራምና ፕሮሰሰር ለማበላሸት ይበቃል። የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ፤ ዕቃ ከመንካትዎ በፊት ያልተቀባ የኬዙን ብረት ይንኩ። ቦርዱ ኬዝ ውስጥ ሳይገባ ፕሮሰሰሩን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ራሙንና ኤስኤስዲውን ይግጠሙበት፤ ሁለት ራም ከሆነ በብዙ ቦርዶች ላይ ከፕሮሰሰሩ ቆጥረው ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ይግባ። ኬዙ ላይ ቦርዱን ከቆርቆሮው የሚያርቁት የነሐስ እግሮች ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር በቦታውም በቁጥሩም መስማማታቸውን ይቁጠሩ። አንድ የተረፈ እግር የቦርዱን ጀርባ ነክቶ ሁሉን ሊያጠፋ ይችላል። የማብሪያው ቁልፍ ሁለት ፒን ብቻ ነው፤ ግራ ቀኙ ቢገለበጥም ይሠራል። የመብራቶቹ ፒን ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አለው። ሁሉ ተሰክቶ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ሳይደነግጡ የሞኒተሩ ኬብል የት እንደገባ ይዩ፦ ከማዘርቦርዱ ላይ ነቅለው ከካርዱ ላይ ይሰኩት። ጠጋኝ ቤት ድረስ የሚያስሮጠው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ስለ ፋኖቹ መብራት አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ሁለት ዓይነት መሰኪያ አለ፦ ባለ ሦስት ፒኑ 5 ቮልት ነው፣ ባለ አራት ፒኑ 12 ቮልት ነው። የ5 ቮልቱን ፋን አስገድደው የ12ቱ ላይ ከሰኩት መብራቱ ወዲያው ይሞታል፤ አንዳንዴም ቦርዱን ይጎዳል። የማይገባ መሰኪያ በግድ አይገባም።

ማሽኑን የት ያኖሩታል? በሐረሪ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያሉት ጣቀቶች ለመጽሐፍና ለጌጥ ዕቃ የተሠሩ ናቸው፤ ኬዙ ልክ ሆኖ ቢገባ እንኳ ትኩስ አየሩ ከኋላ መውጫ አጥቶ ይመለስበታል። ከጀርባው ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ የምትገባበት መስኮት ሥርም አያስቀምጡት፤ መስታወቱ ፀሐዩን ያስገባል፣ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀራል። በርጫ የሚያደርግ ቤት ከሆነ ደግሞ ውሃና ቡና ኬዙ አናት ላይ አይቀመጥ፤ የብዙዎቹ ጣሪያ ወንፊት ነው።

ኢንተርኔቱ የኬዙ ጉዳይ ባይሆንም ዕቅድ ውስጥ ይግባ። ዛሬ አንድ ትልቅ ጌም 100 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ነው፤ በሞባይል ፓኬጅ ማውረድ ጌሙን ከመግዛት ሊወደድ ይችላል። የቤት መስመር ያለው ጓደኛ ዘንድ አውርዶ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ማምጣት ይሻላል። ኦንላይን ለሚጫወት የካርዱ ጉልበት ሰርቨሩ ርቆ የሚመጣውን መዘግየት አይቀንስለትም። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ካርድ በመቀየር ገንዘቡን አያባክንም።

ደረሰኝ የሚሰጥ ሱቅ ትንሽ ቢወደድም ከእሱ ይግዙ፤ በድንበር የገባ ዕቃ ሲበላሽ የሚመልሱለት ሰው የለም። ኬዙ የመጣበትን ካርቶንና ነጭ ፎም ደግሞ አይጣሉ። መስታወት ያለው ኮምፒውተር ለጥገና ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄዱ አይቀርም፤ ልኩን የጠበቀ ሌላ ማሸጊያ ገበያ ላይ አያገኙም።